«ፎርሙ የት ይገኛል?» ከማለት በፊት

ድሬዳዋ ውስጥ የውጭ ትምህርት ወሬ ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «ፎርሙ የት ይገኛል?» ከዚራ ዛፎች ሥር ቡና የሚጠጣው ተመራቂም፣ ልጇን ለመላክ የምታስብ እናትም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ከጥያቄው ጀርባ አንድ የቆየ እምነት አለ። የተማሪዎች ልውውጥ ገንዘብ ዕድል የቀናው ሰው የሚያነሳው ዕጣ ይመስለናል።

እንዲያ አይደለም። የዚህ ገንዘብ አመልካች ተማሪው ሳይሆን ዩኒቨርሲቲው ነው። በአሜሪካ የፈረንሳይ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. በ2007 ያስጀመረውን «ፓርትነር ዩኒቨርሲቲ ፈንድ» እንይ። ድጎማውን የሚጠይቁት በአንድ ሥራ የተጣመሩ የአሜሪካና የፈረንሳይ ተቋማት ነበሩ፤ ተማሪው የሚገባው እነሱ በከፈቱት በር ነበር። ለእኛ ቅርብ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ፕላስም በልውውጥ ዘርፉ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ገንዘቡን የሚጠይቀው አውሮፓ ያለው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ተማሪዎቹን የሚመርጠው ደግሞ አገር ቤት ያለው አጋሩ ነው። አንድ ተማሪ በግሉ ብራሰልስ ድረስ ቢጽፍ መልስ የሚሰጠው የለም። በእርግጥ የአሜሪካውን ፉልብራይትና የአውሮፓ ኅብረቱን ኢራስመስ ሙንዱስን የመሰሉ፣ ግለሰብ ራሱ የሚያመለክትባቸው ነጻ የትምህርት ዕድሎች አሉ። ሁለቱን መንገዶች አንድ አድርጎ ማየት ግን ብዙ ጎበዝ ልጆችን ያለ ቦታቸው ሲያስጠብቅ አይቻለሁ።

«እንዲህ ያለው ትብብር የሀብታም አገሮች የእርስ በርስ ጉዳይ ነው፤ እኛን አይመለከትም» የሚሉም አሉ። ለእነሱ መልሱ ሩቅ አይደለም፤ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረማያ መድረስ ይበቃል። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምንለው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ የተወለደው በትብብር ነው። ኢትዮጵያና አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1952 ተስማሙ፤ ገንዘቡ ከአሜሪካው «ፖይንት ፎር» የቴክኒክ ዕርዳታ መጣ፤ ሥራውን የተሸከመው ዛሬ ኦክላሆማ ስቴት የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 የአሜሪካ ጉዟቸው ስቲልዎተር ድረስ ሄደው ዩኒቨርሲቲውን ጎብኝተዋል። መጀመሪያ መምህራኑ አሜሪካውያን ነበሩ። ከዚያ ኢትዮጵያውያን ኦክላሆማ ሄደው ከፍተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው እየተመለሱ ወንበሩን ተረከቡ። ውሉ በ1968 ሲያበቃ ኮሌጁ አልተዘጋም። ዐሥራ ስድስት ዓመት! ዛሬ ሁለት ሬክተሮች ተጨባብጠው ፎቶ ከተነሱ በኋላ ለሚረሳ ስምምነት ይህ ትልቅ ትምህርት ነው ባይ ነኝ።

«የሄደ አይመለስም» ለሚለውም ሐረማያ ግማሹን መልሳለች። ሌላውን ግማሽ የሚመልሰው የልውውጡ ሕግ ነው። በልውውጥ የሚሄድ ተማሪ ዲግሪውን የሚቀበለው ከአገር ቤት ዩኒቨርሲቲው ስለሆነ፣ ካልተመለሰ ትምህርቱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የፉልብራይት ተማሪም ትምህርቱን ሲጨርስ ሁለት ዓመት አገሩ ካልኖረ በአሜሪካ የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ መጠየቅ አይችልም።

«ፈረንሳይ ለመማር ፈረንሳይኛ የግድ ነው» የሚለው እምነት ድሬ ላይ መሥረጹ አይገርምም። ከተማችን እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡሩ ጋር የተወለደች ናት፤ ለገሀር የሚለው የሰፈር ስም ራሱ በፈረንሳይኛ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። በምድር ባቡር ዘመን ቋንቋው እንጀራ ነበር። ዛሬ ግን በፈረንሳይ ተቋማት በእንግሊዝኛ የሚሰጡ የትምህርት መርሃ ግብሮች ከ1,500 በላይ ናቸው። እንዲያም ሆኖ ቤት ለመከራየትና ዳቦ ለመግዛት ቋንቋው ያስፈልጋል፤ አሊያንስ ፍራንሴዝ ደግሞ እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ።

ብዙ ተማሪ የሚፈራው ግን ሌላ ነው፦ «አንድ ዓመቴ በከንቱ ይባክናል።» ይህ ፍርሃት ሙሉ በሙሉ ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ ስለዚህ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። በኢራስመስ ፕላስ ልውውጥ ተማሪው ከመሄዱ በፊት የትምህርት ስምምነት የሚባል ወረቀት ይፈረማል። ፈራሚዎቹ ሦስት ናቸው፦ ተማሪው፣ ላኪው ዩኒቨርሲቲና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ። ወረቀቱ ላይ እዚያ የሚወሰደው እያንዳንዱ ኮርስ፣ እዚህ በየትኛው ኮርስ ምትክ እንደሚያዝለት ይዘረዘራል። በአውሮፓ የክሬዲት መለኪያ የአንድ ሙሉ ዓመት ትምህርት 60 ኢሲቲኤስ፣ የግማሽ ዓመቱ 30 ነው። ወረቀቱ በአግባቡ ከተሞላና ከተፈረመ፣ ተማሪው ያለፈው ኮርስ ሁሉ ሲመለስ ሊያዝለት ይገባል። እዚያ ከደረሰ በኋላ ኮርስ ቢቀየርበት ስምምነቱም መሻሻልና እንደገና መፈረም አለበት። «ስመለስ እንነጋገራለን» ብሎ የሄደ ተማሪ ግን እውነትም ዓመቱን ሊያጣ ይችላል። ጥፋቱም የልውውጡ አይደለም።

ስለ ገንዘቡ የሚወራውም ሁለት ጫፍ የረገጠ ነው። አንዱ «ሁሉንም ይሸፍናሉ» ይላል፤ ሌላው «ያለ ደላላ አይሞከርም» ይላል። ከእኛ ወደ አውሮፓ በልውውጥ ለሚሄድ ተማሪ ኢራስመስ ፕላስ በወር ከ800 እስከ 900 ዩሮ ይሰጣል፤ የጉዞ ድጎማም አለው፤ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲም የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም። ፓስፖርት ለማውጣትና ማስረጃ ለማረጋገጥ የሚወጣው ግን ገንዘቡ ሳይደርስ ከኪስ ነው፤ ቤተሰብ ይህን ቀድሞ ይወቅ። ደላላውን በተመለከተ ቃሌ አጭር ነው። ፉልብራይትም ሆነ ኢራስመስ ሙንዱስ የማመልከቻ ክፍያ የላቸውም፤ በልውውጥ የሚመርጠውም የራሱ የተማሪው ዩኒቨርሲቲ ነው። «ቦታ አስይዝልሃለሁ» ብሎ ብር የሚቀበል ሰው በእጁ የያዘው ቦታ የለም።

ስለዚህ የድሬ ተማሪ ወደ ዲፓርትመንቱ ሲሄድ እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ ከየትኛው የውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተፈራርመናል? ስምምነቱ የሚያበቃው መቼ ነው? ልውውጥ የሚፈቅደው ለየትኛው የትምህርት ዘርፍ ነው? ባለፈው የሄደው ተማሪ ስንት ኮርስ ተያዘለት? ስምምነት ከሌለም፣ ከውጭ ባልደረቦቹ ጋር አብሮ ምርምር የሚሠራ መምህር ካለ እሱን ፈልጎ ያነጋግር፤ ብዙ ትብብር የሚጀምረው እንዲህ ባሉ ሁለት ሰዎች የኢሜይል ልውውጥ ነው።