ፍሎክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ሲጣመሩ

ለድብርት ሕመም ፍሎክሰቲን የሚወስድ ታካሚ በራስ ምታት ወይም በነርቭ ሕመም ምክንያት ወደ ሌላ ክሊኒክ ቢሄድ አሚትሪፕቲሊን ሊታዘዝለት ይችላል። ይህም ፀረ-ድብርት መድኃኒት በመሆኑ ሁለቱ ሳይታሰብ በአንድ ሰው ላይ ይጣመራሉ።

ፍሎክሰቲን በጉበት ውስጥ አሚትሪፕቲሊንን ከሚያብላሉት ኢንዛይሞች አንዱ የሆነውን ሳይቶክሮም 2ዲ6 ያዳክማል። በመሆኑም በተለመደው መጠን የተሰጠ አሚትሪፕቲሊን እንኳ በደም ውስጥ ከሚጠበቀው በላይ ሊከማች ይችላል። ውጤቱም ከአፍና ከሆድ ድርቀት እንዲሁም ከሽንት መታገድ አንሥቶ እስከ አእምሮ መቃወስ፣ መንዘፍዘፍና የልብ ምት መዛባት ይደርሳል። ከዚህም ሌላ የሴሮቶኒን መብዛት መቁነጥነጥን፣ መንቀጥቀጥን፣ ላብንና ትኩሳትን ሊያስከትል ይችላል። ትራማዶል ሲታከል ደግሞ አደጋው ይጨምራል።

ፍሎክሰቲንን ማቋረጥ ወዲያውኑ መፍትሔ አይሆንም፤ መድኃኒቱና ከእርሱ የሚገኘው ኖርፍሎክሰቲን ከሰውነት እስኪወጡ 5 ሳምንታት ያህል ይፈጃሉና።

ሁለቱን ማጣመር ግን ፈጽሞ የተከለከለ አይደለም። አስፈላጊነቱ በአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ሲታመንበት፣ አሚትሪፕቲሊን በአነስተኛ መጠን ተጀምሮ ክትትል ሊደረግ ይገባል፤ በተለይም ለአረጋውያንና ለልብ ሕሙማን የኢሲጂ ምርመራ ያስፈልጋል። አሚትሪፕቲሊን ከመጠን በላይ ሲወሰድ ለሞት ስለሚዳርግ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ላለበት ታካሚ የብዙ ቀናት መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት አይገባም።

ስለሆነም ማዘዣ ከመጻፉ በፊት ታካሚው ባለፉት 5 ሳምንታት የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ መጠየቅ፣ ቢቻልም ማሸጊያዎቻቸውን ማየት የባለሙያው ግዴታ ነው።