የዝይ ጫጩት የሚያድገው በጎደለው ልክ ነው

ዛሬ የተፈለፈለ የዝይ ጫጩት 100 ግራም ገደማ ይመዝናል። በወጉ ከተመገበ 8 ወይም 9 ሳምንት ሲሞላው ከ4 ኪሎ በላይ ይሆናል። ክብደቱን በሁለት ወር 40 እጥፍ ሲያደርስ ጎን ለጎን አጥንቱን ያጠነክራል፣ ሥጋ ይይዛል፣ መላ አካሉን በላባ ይሸፍናል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ከሚበላው ነው። ስለዚህ መኖ የሚገዛ አርቢ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ፐርሰንት ፕሮቲን አለው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ግማሽ ጥያቄ ነው። እኩል ፕሮቲን ያላቸው ሁለት መኖዎች አንዱ ጫጩቱን ሲያፋፋ ሌላው ሊያቀጭጨው ይችላል። ልዩነቱ ፕሮቲኑ የተሠራባቸው አሚኖ አሲዶች ምጣኔ ላይ ነው፤ ጥቂት ግራም ማሟያ ትልቅ ሥራ የሚሠራውም እዚሁ ላይ ነው።

ፕሮቲንን በክር ላይ በተራ እንደተሰካ ዶቃ ማሰብ ይቻላል። ዶቃዎቹ አሚኖ አሲዶች ናቸው፤ ዓይነታቸውም 20 ነው። የደረት ሥጋም ሆነ ላባ የሚሠራው ከእነዚሁ ነው፤ የሚለያዩት በዶቃዎቹ ብዛትና ተራ ነው። ከ20ዎቹ ግማሽ ያህሉን የዝይ ሰውነት ራሱ መሥራት ስለማይችል ከመኖ ማግኘት ግድ ይለዋል። ተራው የደረሰ ዶቃ ከጠፋ ሥራው እዚያው ይቆማል። የተረፉት ለነገ አይቀመጡም፤ ሰውነት አሚኖ አሲድ የሚያኖርበት ጎተራ የለውምና። ተሰባብረው ናይትሮጅናቸው በዩሪክ አሲድ መልክ ከኩስ ጋር ይወጣል። በእህል ለሚቀለብ ዝይ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚያጥሩት ላይሲንና ሜቲዮኒን ናቸው። እህል ላይሲን ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ ላይሲን ሞልቶለት ሜቲዮኒን ይጎድለዋል። ስንዴና ባቄላ አብሮ የተቀቀለበት ንፍሮ የአንዱን ጉድለት በሌላው ይሞላል። የመኖ ቀማሚ ሥራም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እሱ በሚዛንና በስሌት መሥራቱ ነው።

ስሌቱ ምን እንደሚመስል እንመልከት። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው የዶሮና የመሰል አእዋፍ የምግብ ፍላጎት ሰነድ መሠረት፣ እስከ 4 ሳምንት ላለ የዝይ ጫጩት መኖው 20 ፐርሰንት ፕሮቲን፣ 1 ፐርሰንት ላይሲን፣ ሜቲዮኒንና ሲስቲን ተደምረው 0.6 ፐርሰንት ሊኖረው ይገባል። ከ4 ሳምንት በኋላ ፕሮቲኑ ወደ 15፣ ላይሲኑ ወደ 0.85፣ ሁለቱ ድኝ ያላቸው አሚኖ አሲዶች ደግሞ ወደ 0.5 ፐርሰንት ይወርዳሉ። አሁን አንድ አርቢ ግማሽ በቆሎና ግማሽ የሱፍ አበባ ፋጉሎ ቀላቀለ እንበል። በቆሎው 8.5 ፐርሰንት፣ ፋጉሎው 32 ፐርሰንት ገደማ ፕሮቲን ካላቸው ድብልቁ 20 ፐርሰንት ይሞላል፤ በወረቀት ላይ እንከን የለውም። ነገር ግን የበቆሎ ላይሲን ሩብ ፐርሰንት ገደማ ነው፤ የፋጉሎውም ከ1 ፐርሰንት ብዙ አይዘልም። ድብልቁ የሚይዘው ላይሲን እንግዲህ ከ0.7 ፐርሰንት በታች ነው። ጫጩቱ ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛውን ብቻ አገኘ ማለት ነው፤ እድገቱም ወደዚያው ይጎተታል። ጉድለቱን ለመሙላት የሚያስፈልገው የላይሲን ዱቄት በአንድ ኪሎ መኖ 4 ግራም ገደማ፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በአገራችን ዶሮ አርቢዎች ዘንድ የተለመደው የኑግ ፋጉሎም ላይሲን የሚያጥረው ስለሆነ ይኸው ሕግ እሱንም ይገዛዋል።

ዝይ ከዶሮ የሚለይባቸው ሁለት ነገሮች ጉዳዩን ያጠብቁታል። የመጀመሪያው ላባው ነው። ላባ የሚሠራው ኬራቲን ከሚባል፣ ሲስቲን ከበዛበት ፕሮቲን ነው። ሰውነት ሜቲዮኒንን ወደ ሲስቲን ሊለውጥ ይችላል፤ ሲስቲንን ወደ ሜቲዮኒን መመለስ ግን አይችልም። ወፉ የጫጩትነት ጠጉሩን ጥሎ ላባ በሚያወጣባቸው ሳምንታት ሜቲዮኒን ካነሰው ሥጋና ላባ በአንድ ምንጭ ይሻማሉ፤ ላባው ሳስቶና ዘግይቶ ይበቅላል። ሁለተኛው ናያሲን የተባለው ቫይታሚን ነው። የዶሮ ጫጩት ትሪፕቶፋን ከተባለው አሚኖ አሲድ የተወሰነ ናያሲን ይሠራል፤ ዝይና ዳክዬ በዚህ ደካሞች ናቸው። ለዚህም ነው በዚያው ሰነድ ለሥጋ ዶሮ ጫጩት በኪሎ መኖ 35 ሚሊግራም ናያሲን ሲመደብ ለዝይ ጫጩት 65 ሚሊግራም የተመደበው። የዶሮ ጫጩት መኖ ብቻ እየበላ ያደገ የዝይ ጫጩት ቁርጭምጭሚቱ አብጦ፣ እግሮቹ ቀስት ሠርተው፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ የሚቀመጥ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። በናያሲን የበለጸገ የቢራ እርሾ ከመኖው ጋር መቀላቀል የቆየና የታወቀ መከላከያ ነው።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ከመለካት ፕሮቲኑን ጨምሮ መገላገል አይሻልም?» የሚል ይኖራል። ፕሮቲን ሲበዛ የጎደለው አሚኖ አሲድም አብሮ መጨመሩ እውነት ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነው። አርቢው በውድ የገዛው ትርፍ ፕሮቲን ተሰባብሮ ይወጣል፤ ለማስወገዱም ወፉ ጉልበት ያወጣል። ኩሱ ውሃ ይበዛበታል፣ ጉዝጓዙ ይረጥባል፣ ከእሱ የሚነሣው አሞኒያ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ከዚህም በላይ ከመጠን በላይ የፈጠነ እድገት በክንፍ ላይ ጉዳት ያመጣል። በደም የተሞሉት አዳዲስ የላባ ዘንጎች ከባድ ናቸው። የክንፉ መጨረሻ መገጣጠሚያ ሳይጠነክር ከቀደሙት ክብደታቸው ያጣምመዋል፤ ወደ ገላ መታጠፍ የነበረበት የክንፍ ጫፍም ወደ ውጭ ተገልብጦ ይንጠለጠላል። ለዚህ ችግር ዘርና ሌሎች ምክንያቶችም ቢጠቀሱ፣ ጉልበትና ፕሮቲን የበዛበት መኖ ከዋናዎቹ ይቆጠራል። በጊዜ ከታየ ክንፉን ለጥቂት ቀናት በስሱ አጥፎ በማሰር ይስተካከላል፤ አጥንቱ ከጠነከረ በኋላ ግን አይመለስም።

ሌላውና ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከልምድ የሚነሣ ነው። ዝይ ሣር ነጪ ወፍ ነው፤ አያቶች ያለ አንዳች ዱቄት በመስክ አሳድገውታል። በፖላንድ ስመ ጥር የሆነው ነጭ የኮውዳ ዝይ እንኳ ከመታረዱ በፊት ባሉት 3 ሳምንታት የሚቀለበው አጃ ነው፤ ሥጋውም «የአጃ ዝይ» ተብሎ ይሸጣል፣ አብዛኛው ወደ ጀርመን ይሄዳል። አጃ 11 ፐርሰንት ገደማ ፕሮቲንና ግማሽ ፐርሰንት የማይዘል ላይሲን ይዞ እንዲህ ያለ ዝይ ካወጣ፣ የአሚኖ አሲድ ስሌት ምን ይፈይዳል? መልሱ በወፉ ዕድሜ ውስጥ አለ። አጃው የሚመጣው ከ14ኛው ሳምንት በኋላ ነው። ያኔ አጥንቱ ቆሟል፣ ሥጋው ይዟል፣ ላባው ወጥቷል፤ የቀረው ስብ መያዝ ነው፣ ለስብ ደግሞ የሚያስፈልገው በዋናነት ጉልበት ሰጪ ምግብ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት 14 ሳምንታት ዝይው የተመጣጠነ መኖና ለምለም ሣር ሲመገብ ቆይቷል። እንግዲህ የአጃው ልማድ ምጣኔን አያፈርስም፤ ምጣኔ ከዕድሜ ጋር እንደሚለዋወጥ ያስረዳል። ሣርም ቢሆን ለጎለመሰ ዝይ ጥሩ ምግብ ነው። የጥቂት ቀን ጫጩት ግን ሆዱ ጠባብ፣ ፍላጎቱ ሰፊ ነው፤ ውሃ የበዛበት ሣር ቀድሞ ሆዱን ይሞላዋል። አያቶች በመስክ ያሳደጉት ዝይም ዝግ ብሎ ለማደግ ጊዜ ነበረው፤ የዛሬው እርባታ ያን ጊዜ አይሰጠውም።

በፋብሪካ የተሠራ አሚኖ አሲድ ወፍ ማብላት ነውር የሚመስላቸውም አሉ፤ ስጋታቸው ሊናቅ አይገባም። ለመኖ የሚውለው ላይሲን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በጃፓን በተጀመረ ዘዴ፣ ስኳር እየተመገበች ላይሲን በምታመርት ባክቴሪያ የሚብላላ ነው፤ በባቄላ ውስጥ ካለው ላይሲንም በምንም አይለይም። ሜቲዮኒን ግን በአብዛኛው ከነዳጅ ተረፈ ምርት በኬሚካል ዘዴ ይሠራል። በዚህ ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት የኦርጋኒክ እርባታ ሕግ ሰው ሠራሽ አሚኖ አሲድን አይፈቅድም። የአሜሪካው ደግሞ ከዶሮ ውጭ ላሉት የእርባታ አእዋፍ ሰው ሠራሽ ሜቲዮኒንን በአንድ ቶን መኖ በ1.5 ኪሎ ገደማ ይገድባል። ሰሊጥ፣ የሱፍ አበባና የዓሣ ዱቄት በብልሃት አዋህዶ ያለ ሰው ሠራሹ ዱቄት መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን የጎደለውን አንድ ለማምጣት የማይፈለጉ ብዙዎችን ማብላት ይጠይቃል፣ ናይትሮጅኑም መሬትና ውሃ ላይ ይቀራል። ዱቄቱን ያለ ስሌት መጨመርም መፍትሔ አይደለም፦ ሜቲዮኒን ከአሚኖ አሲዶች ሁሉ ሲበዛ በጣም የሚጎዳው ነው፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እድገት ይገታል። ላይሲንም ሲትረፈረፍ አርጊኒን የተባለውን ጓደኛውን ያባክናል።

ስለዚህ ማሟያ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብሎ መከራከር ከነገሩ ያርቃል። መኖ የሚገዛም ሆነ የሚቀምም ሰው ከጆንያው ላይ ከፕሮቲኑ ቁጥር በታች ያሉትን ማንበብ አለበት፦ ላይሲኑ ስንት ነው? ሜቲዮኒንና ሲስቲን ተደምረው ስንት ይሆናሉ? ናያሲኑ ለዝይ የተመደበ ነው ወይስ ለዶሮ? መኖውስ ለስንት ሳምንት ወፍ የተዘጋጀ ነው? እነዚህ ቁጥሮች ከሌሉ ማንኪያውን ማንሣት ግምት ነው። ካሉ ግን አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ግማሽ ጆንያ ፋጉሎ የማይሠራውን ይሠራል፤ ጫጩቱም በጠንካራ እግሩ ቆሞ፣ ክንፉን አጥፎ፣ አጃው እስኪደርስለት በደህና ያድጋል።