የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ለምን ይከለከላል?

በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ በምናባዊ ማሽን ሌላ ሥርዓተ ክወና የሚያሠሩ ሰዎች፣ ትክክለኛ የይለፍ ቃል ጽፈው የሚከለከሉበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የቁልፍ ሰሌዳው አቀማመጥ ነው። አንድ ቁልፍ ሲነካ ወደ ማሽኑ በአብዛኛው የሚተላለፈው የቁልፉ መለያ ቁጥር እንጂ ፊደሉ አይደለም፤ ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚተረጉመው በውስጡ ያለው ሥርዓት ነው። በመሆኑም ይህ ሥርዓት በአሜሪካ አቀማመጥ ከተዋቀረ፣ በፈረንሳይ ሰሌዳ ላይ የተነካው «ኤ» «ኪው» ሆኖ ይነበባል።

ይህን ለማረጋገጥ ጥቂት ፊደላትን በተጠቃሚ ስም ቦታ መጻፍ ይበቃል፤ በዚያ አይሸሸጉምና። መፍትሔውም የውስጡን ሥርዓት አቀማመጥ በእጅ ካለው ሰሌዳ ጋር ማስማማት ነው። እንደ ኪውኢኤምዩ ባሉ ፕሮግራሞች በምናባዊው ማሽን ቅንብር ላይም የሰሌዳ ቋንቋ ተወስኖ ከሆነ፣ እርሱን ማንሳት ይጠቅማል፤ ሁለት ጊዜ የተተረጎመ ፊደል ይዛባልና።