ከምጽዋ አስመራ፦ ጥርስ የሌለው የዳገት ባቡር

ምጽዋና አስመራ በአየር ቢለካ 70 ኪሎ ሜትር እንኳ አይራራቁም። ሐዲዱ ግን 118 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ትርፉ ርቀት የባከነ አይደለም፤ ዳገቱ የተሸነፈው በእሱ ነው። ምጽዋ ባሕሩ ላይ ናት፣ አስመራ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ። ባቡሩ ከተማዋ ከመግባቱ በፊት 2,400 ሜትር ገደማ የሚሆነውን የተራራ ጫፍ ይሻገራል። ታች ሸሚዙ በላብ የራሰ መንገደኛ፣ ላይ ሲደርስ በጉም ውስጥ ጋቢውን ይደርባል።

እንዲህ ያለ ተራራ ሲገጥማቸው በሌላ አገር ያሉ መሐንዲሶች ብዙ ጊዜ ጥርስ ይጠቀማሉ። እ.ኤ.አ. በ1889 የተከፈተው የስዊዘርላንዱ የፒላቱስ ባቡር ባለ ጥርስ ጎማው በሐዲዱ መካከል ያለውን ጥርሳም ብረት እየነከሰ፣ በጣም ቀጥ ባለው ቦታ በ100 ሜትር ውስጥ 48 ሜትር ይወጣል። የምጽዋው መስመር ጥርስ የለውም። ልሙጥ ጎማ በልሙጥ ሐዲድ ላይ ነው፤ በ100 ሜትር ውስጥ ከ3.5 ሜትር በላይ እንዳይወጣም ተደርጎ ተሠርቷል። ለመኪና ይህ ዳገት ተብሎ አይወራም። ለባቡር ግን ከባድ ነው፤ ብረት ብረትን አጥብቆ አይይዝም፣ ጤዛ ሲነካው ደግሞ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ለዚህ ነው የእንፋሎት ባቡር አሸዋ የሚጭነው፤ ነጂው ከጎማው ፊት በቱቦ ያፈሰዋል።

ዳገቱ በዚያ መጠን ከተገደበ የሚቀረው መንገዱን ማስረዘም ብቻ ነው። ሐዲዱ በየገደሉ ይጠማዘዛል፣ ሸለቆ ገብቶ በማዶው ይመለሳል፣ ዋሻ ውስጥ ይጠፋል። አንድ ጊዜ ያለፉበትን ሐዲድ ጥቂት ቆይተው ከበላይ ሆነው ቁልቁል ያዩታል። ዋሻዎቹ 30 ያህል ናቸው፤ ድልድዮቹ ከዚያ ይበዛሉ። የሐዲዱ ስፋትም 95 ሴንቲ ሜትር ብቻ እንዲሆን የተደረገው ጠባብ ሐዲድ በጠባብ ቦታ ስለሚታጠፍና ተራራውን ለመቁረጥ ርካሽ ስለሆነ ነው።

መስመሩን የወለደው ንግድ አልነበረም። በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ወደ ሰሐጢ ምሽግ ይጓዝ የነበረውን 500 ያህል የጣሊያን ወታደር ዶጋሊ ላይ ደመሰሱት። ጣሊያኖች በዚያው ዓመት (እ.ኤ.አ. 1887) ከምጽዋ ሐዲድ መዘርጋት ጀመሩ፣ በ1888 ሰሐጢ አደረሱት። 27 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዋና ሥራውም ወታደር፣ ጥይትና ስንቅ በዚያ በረሃ ማሻገር ነበር። በዚያው 1888 አፄ ዮሐንስ ብዙ ሠራዊት አስከትለው ሰሐጢ ፊት ሰፈሩ፣ ምሽጉን ግን ሳያጠቁ ተመለሱ። ሐዲዱ ብቻውን መለሳቸው ማለት ታሪክን ማሳጠር ይሆናል፤ በስተኋላቸው ድርቡሽ ጎንደርን አቃጥሎ ነበር። ሆኖም ከወደብ የሚቀለብ ጦር እና የሰፈረበትን አገር እየበላ የሚቆይ ጦር እኩል አይጠባበቁም።

ከሰሐጢ በኋላ ሐዲዱ ለዓመታት ቆመ። ሥራው በደንብ የተንቀሳቀሰው ከአድዋ ሽንፈት በኋላ፣ ፈርዲናንዶ ማርቲኒ እ.ኤ.አ. በ1897 የመጀመሪያው የሲቪል አስተዳዳሪ ሆኖ ከተሾመ ወዲህ ነው። በ1904 ጊንዳ፣ በ1910 ነፋሲት፣ በ1911 አስመራ ደረሰ። ከሰሐጢ አስመራ ለ90 ኪሎ ሜትር 23 ዓመት መፍጀቱ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ይቀላል፤ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ወርዶ በ1922 ከረን፣ በ1928 አቆርዳት፣ በ1932 ቢሻ ገባ፣ እዚያው ቀረ።

የመስመሩ ድንቅ ነገር ግን፣ ለእኔ፣ ዋሻውም ድልድዩም ሳይሆን ሎኮሞቲቩ ነው። ማሌት ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከፈለሰፈው መሐንዲስ ከአናቶል ማሌት ነው። ችግሩ እንዲህ ነበር፦ ዳገት ለመውጣት ብዙ ጎማና ከባድ ሎኮሞቲቭ ያስፈልጋል፤ ረጅም ሎኮሞቲቭ ግን በጠባብ ጥምዝ ላይ አይታጠፍም። ማሌት ጎማዎቹን ለሁለት ከፈላቸው። የኋለኞቹ ከሎኮሞቲቩ አካል ጋር ጸንተው ይቆማሉ፤ የፊተኞቹ በማጠፊያ ተያይዘው ሐዲዱ ወደ ዞረበት ይዞራሉ። እንፋሎቱም ሁለት ጊዜ ይሠራል፦ መጀመሪያ በከፍተኛ ግፊት የኋላዎቹን ሲሊንደሮች ይገፋል፣ ከዚያ ደከም ብሎ ወደ ፊተኞቹ ይተላለፋል። የፊቶቹ ሲሊንደሮች ተለቅ የሚሉት ለዚህ ነው፤ የላላው እንፋሎት በቂ ጉልበት እንዲሰጥ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ከሰልም ውኃም ይቆጥባል፣ ውኃ ብርቅ በሆነበት ቆላ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጣሊያናዊው ፋብሪካ አንሳልዶ ለዚህ መስመር የመጨረሻዎቹን ማሌቶች የሠራው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ለመንገደኛ ደግሞ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የፊያት ፋብሪካ ሊቶሪና መጣች፤ እንደ አውቶቡስ ያለች፣ በናፍጣ የምትሄድ ቀላል ባቡር ናት፣ አስመራ የኖረ ሁሉ ያውቃታል።

እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ የምጽዋ ወደብ በመርከብ ተጨናነቀ፤ የጦሩን ዕቃ ወደ ደጋ ማውጣት ከባቡሩ አቅም በላይ ሆነ። መፍትሔ ተብሎ ከምጽዋ አስመራ 72 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የገመድ መስመር በአየር ላይ ተዘረጋ፤ በዘመኑ በዓለም ረጅሙ ነበር። ሥራ የጀመረው ግን በ1937፣ አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ነው። በኋላ ኤርትራን የያዙት እንግሊዞች ሞተሮቹን ነቅለው ወሰዱ። ባቡሩ ግን እየተንፏቀቀ ቀረ።

እሱንም የጣለው ጦርነት ነው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በኤርትራ ውጊያው ሲበረታ መስመሩ ተዘጋ፤ ሐዲዱና የብረት አግዳሚዎቹ እየተነቀሉ የምሽግ ጣሪያና ግድግዳ ሆኑ። ጦር ለማመላለስ የተዘረጋው ብረት በስተመጨረሻ የጦር ጉድጓድ ሸፈነ።

ከነጻነት በኋላ የኤርትራ መንግሥት መስመሩን በውጭ ተቋራጭ ሳይሆን በራሱ ሰው ለመጠገን ወሰነ፣ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ተጀመረ። ሐዲዱ ከየምሽጉ ተለቀመ። ሎኮሞቲቮቹ ከዛገ ብረትነት ተነሡ። ይህን ያደረጉት በጡረታ ላይ የነበሩ፣ አንዳንዶቹ ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸው የድሮ ባቡር ሠራተኞች ናቸው። መለዋወጫ ከገበያ ስለማይገኝ የጎደለውን በአስመራው ጋራዥ ራሳቸው ቀጥቅጠው ሠሩ፣ ለወጣቶቹም አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሐዲዱ አስመራ ተመልሶ ገባ። እርግጥ እንደ ጥንቱ ጭነትና መንገደኛ የሚያመላልስ የዘወትር ባቡር አልሆነም፤ አልፎ አልፎ የሚንቀሳቀሰው በአብዛኛው ለጎብኚዎች ነው። እንደ ንግድ ካየነው ጥገናው አላዋጣም። እንደ ሙያ ካየነው ግን በአካባቢያችን እሱን የሚያህል አላውቅም።

በዚያ ባቡር የሄዱ፣ በጣቢያው የሠሩ፣ በሊቶሪና ምጽዋ ወርደው የዋኙ ሰዎች ዛሬ በአዲስ አበባም፣ በመቀሌም፣ በዋሽንግተንም አሉ። በእጃችሁ የቀረ ፎቶግራፍ ወይም ቲኬት ካለ ከጀርባው ዓመቱንና የጣቢያውን ስም ጻፉበት፤ የምታስታውሱትንም ለልጆቻችሁ አስቀዱ።