አሮጌው ኮፒ ሳይወጣ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ቀን የዋጫው ተማሪም የቦንጋውም የአዲስ አበባውም እኩል ስልኩ ላይ ይጣዳል። በ2015 ዓ.ም. ተፈታኞቹ 845 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ውጤቱን በድረ ገጽ፣ በአጭር መልእክትና በቴሌግራም ቦት ማሳየቱ ብልህነት ነው። ድረ ገጽ ሲጨናነቅ ሁሉም ሰው የሚያማርረው የተጠቃሚውን ብዛት ነው። ከብዛቱ በፊት ግን ሰርቨሩ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሌላ ጣጣ ሊኖር ይችላል።

በጃቫ የተጻፉ ብዙ የድር መተግበሪያዎች የሚሠሩት ቶምካት በተባለ ፕሮግራም ውስጥ ነው። የጻፈው የሰን ማይክሮሲስተምስ ባልደረባ የነበረው ጄምስ ዳንካን ዴቪድሰን ሲሆን፣ ኩባንያው በ1999 እ.ኤ.አ. ለአፓቼ ፋውንዴሽን ሰጠው። ባለሙያው መተግበሪያውን በአንድ ፋይል ጠቅልሎ የተወሰነ ፎልደር ውስጥ ይጥለዋል፤ ቶምካት አሮጌውን አውርዶ አዲሱን ያስነሳል። ቦንጋ ተቀምጦ ሩቅ ያለ የኪራይ ሰርቨር ለሚያድስ ሰው ይህ እፎይታ ነው። (ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ፋይሉን መጀመሪያ ሌላ ፎልደር ላይ ጭኖ፣ ሙሉ መድረሱን አይቶ ማዛወር ይሻላል። አለበለዚያ ቶምካት ግማሹን ፋይል ሊያስነሳ ይሞክራል።)

ችግሩ «አውርዶ» የሚለው ላይ ነው። ጃቫ ከሜሞሪ የሚጠርገው ማንም የማይጠቀምበትን ነገር ብቻ ነው። አሮጌው ኮፒ በየአምስት ደቂቃው መልእክት የሚልክ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሮጥ የሥራ ክር) አስነስቶ ሳያስቆመው ከወረደ፣ ያ አንድ ትሬድ የመተግበሪያውን ኮድ በሙሉ ይዞ ይቀራል፤ ክፍሉን ለቆ ዕቃውን እንዳልወሰደ ደባል። እድሳቱ ሲደጋገም ሜሞሪው ይሞላል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ጃቫ 8 የክላሶችን (የኮዱን ክፍሎች) መረጃ መጠኑ ከተገደበ ቦታ አውጥቶ ወደ ኮምፒውተሩ አጠቃላይ ሜሞሪ አዛወረው። አንዳንዶች ችግሩ ተፈታ አሉ። የተራዘመ ብቻ ነው፤ ትንሽ ሰርቨር ላይ ሜሞሪው ሲያልቅ የሰርቨሩ ሥርዓተ ክወና ሊኑክስ ራሱ ፕሮግራሙን ይገድለዋል።

የዳታቤዝ ግንኙነትም እንዲሁ ነው። ካልተለወጠ በቀር ቶምካት በአንድ ጊዜ 200 ጥያቄዎችን ያስተናግዳል፤ ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ግን የሚቀበለው 100 ግንኙነት ነው። አሮጌው ኮፒ 40 ግንኙነት ሳይዘጋ ከቀረ ለአዲሱ የሚተርፈው ቢበዛ 60 ነው። ዋጫ ያለው ልጅ የምትሽከረከረዋን ክብ እያየ ኔትወርኩን ይረግማል።

መድኃኒቱ መተግበሪያው ሲወርድ ግንኙነቱን የሚዘጋና ትሬዱን የሚያስቆም ኮድ መጻፍ ነው። ቶምካት ያልቆመውን ትሬድ በስሙ ጠርቶ ሎግ (የክንውን መዝገብ) ላይ ይጽፋል፤ ሎግ የሚያነብ ሰው ግን ጥቂት ነው። ከቶምካት 7 ወዲህ ሁለቱን ኮፒዎች ጎን ለጎን ማስኬድም ይቻላል፤ የገባው ተጠቃሚ በአሮጌው ይጨርሳል፣ አዲስ መጪው ወደ አዲሱ ይሄዳል። ለዚህ ግን ለሁለቱም የሚበቃ ሜሞሪ መከራየት ያስፈልጋል። አቅሙ ለሌለው ተቋም የምመክረው ቀለል ያለውን ነው፦ ቀድሞ ማስታወቂያ ለጥፎ፣ ሌሊት ላይ ቶምካትን ጨርሶ አቁሞ ማስነሳት። ውጤት በሚለቀቅበት ሳምንት ደግሞ ምንም አለመንካት።