ካንሰር ያልሆነው፣ ቀላልም ያልሆነው ዕጢ

ሁለተኛ ልጅዎን በቀዶ ጥገና ከወለዱ ዓመት አልፎታል እንበል። አንድ ጠዋት ገላዎን ሲታጠቡ ከጠባሳው ከፍ ብሎ አንድ ጠጠር ያለ ነገር በእጅዎ ዳሰሱ። ብዙም አያምም፤ ሲገፉት ግን ከቦታው አይንቀሳቀስም። እናትዎ “ብርድ ነው” ይላሉ። ጎረቤትዎ “ወጌሻ ዘንድ ሄደሽ ታሺ” ትላለች። የሥራ ባልደረባዎ ደግሞ “ዛሬውኑ ቆርጠሽ አስወጪው” ትላለች። ማንን ይሰማሉ?

በመጀመሪያ አይደንግጡ። አብዛኛው እባጭ የሚያሰጋ አይደለም። ከቆዳ ሥር ያለ፣ ለስላሳና ሲነኩት የሚንሸራተት ከሆነ ብዙውን ጊዜ የስብ ዕጢ ነው። ጠባሳ ሲጠነክር ወይም አንጀት በሆድ ግድግዳ በኩል ሲገፋም እብጠት ይፈጠራል። ከስንት አንዴ ግን ሐኪሞች ዴስሞይድ የሚሉት ዕጢ ይገኛል። በዓመት ከ1 ሚሊዮን ሰዎች መካከል ከ2 እስከ 6 በሚሆኑት ላይ ብቻ የሚታይ በመሆኑ፣ ብዙ ሐኪም በሥራ ዘመኑ ሳያጋጥመው ሊያልፍ ይችላል።

ዴስሞይድ ምንድን ነው?

ስሙን የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1838 ጀርመናዊው ዮሃንስ ሙለር ነው። ቃሉ ማሰሪያ ወይም ጅማት የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ዕጢው እንደ ጅማት ጠንካራ ነውና። እንደ ካንሰር ወደ ሳንባ ወይም ወደ ጉበት አይሰራጭም። ሆኖም እንደ ዛፍ ሥር በአካባቢው ወዳለው ጡንቻና ነርቭ፣ በሆድ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ወደ አንጀት እየሰረሰረ ይገባል። በሆድ ግድግዳ፣ በትከሻ፣ በጭን ወይም በሆድ ውስጥ ሊበቅል ይችላል። ይበልጥ የሚያጋጥመው ሴቶችን ነው፤ በእርግዝና ወቅት ወይም ከወሊድ በኋላ፣ እንዲሁም ቀዶ ጥገና ወይም ጉዳት በደረሰበት ቦታ ላይ ይታያል።

ስሙ እንዴት ይታወቃል?

ሐኪሙ እባጩ መቼ እንደጀመረ፣ እያደገ ስለመሆኑ፣ ስለ እርግዝናዎና ስለ ቀዶ ጥገናዎ ይጠይቅዎታል። ከዚያ አልትራሳውንድ፣ ቀጥሎም ኤም አር አይ ያዝዛል። ኤም አር አይ ዕጢው ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነና ከምን ጋር እንደተያያዘ ያሳያል። ስሙን ግን በእርግጠኝነት አይናገርም፤ ሳርኮማ የሚባለው አደገኛ ካንሰርም በምስል ሊመስለው ይችላል።

ቁርጡን የሚናገረው ናሙና ነው። በተለመደው ቀጭን መርፌ የሚወሰደው ናሙና ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ዕጢው ጭረት የበዛበትና ሕዋሱ ያነሰ ነውና። ስለዚህ ወፈር ባለ መርፌ ቁራጭ ሥጋ ይወሰዳል። ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ ያየውን ለማረጋገጥ ቤታ ካቴኒን የተባለው ፕሮቲን በሕዋሱ አስኳል ውስጥ መኖሩን በልዩ ቀለም ይመረምራል። ይህ ምርመራ በአካባቢዎ ከሌለ ናሙናው ወደሚሠራበት ቦታ እንዲላክ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ለምን ወደ ቢላዋ አይቸኮልም?

ዴስሞይድ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ተመልሶ የመብቀል ጠባይ አለው። የቀዶ ጥገናው ቁስል ራሱ ሊያነሳሳው ይችላል። በሌላ በኩል ሳይነካ ቆሞ የሚቀር፣ አልፎም በራሱ የሚኮማተር አለ። ስለዚህ ዛሬ በብዙ ታካሚዎች ላይ የመጀመሪያው እርምጃ በየጥቂት ወሩ በኤም አር አይ እየተከታተሉ መጠበቅ ነው። እያደገ ወይም እያሳመመ ከሄደ መድኃኒት አለ፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 በአሜሪካ ለዚሁ ዕጢ ብቻ የታሰበ የመጀመሪያው መድኃኒት ጸድቋል። ሳይመረመር ተቸኩሎ የተቆረጠ ግን ይህን ሁሉ ምርጫ ያጠብባል።

አንድ ነገር ለሐኪምዎ መንገር አይርሱ። ከቤተሰብዎ በወጣትነቱ የአንጀት ካንሰር የያዘው ወይም በአንጀቱ ብዙ ትንንሽ እባጮች የተገኙበት ሰው አለ? ከ100 የዴስሞይድ ታካሚዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት በዘር የሚተላለፍ የአንጀት ችግር አለባቸው፤ ይህ ከታወቀ እህት ወንድምዎም በጊዜ ይመረመራሉ።

ከ5 ሴንቲ ሜትር የበለጠ፣ ጥልቀት ያለው፣ እያደገ የሚሄድ ወይም የሚያም እባጭ ካለዎት አያሳሹት፣ አያስቆርጡትም። አስቀድመው ስሙን ይወቁ።