ስንቆጣ ማን ይመልስልን?



በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ክፉ ቃል ሲነገር የሙእሚን ልብ ቢቆስል አይደንቅም። መስከረም 2 ቀን 1999 ዓ.ም የያኔው የካቶሊክ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤነዲክቶስ 16ኛ በጀርመን ሬገንስበርግ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ንግግር፣ ከ600 ዓመት በፊት የኖረ የባይዛንታይን ንጉሥ የነቢዩን ተልእኮ ያንቋሸሸበትን ቃል ጠቀሱ። የሙስሊሙ ዓለም ተቆጣ። ከ5 ቀን በኋላ በደረሰው ቁጣ ማዘናቸውንና ቃሉ የራሳቸው አቋም አለመሆኑን ተናገሩ።

በዚያው ቀን ሞቃዲሾ ውስጥ ነርሶችን ታስተምር የነበረች ኢጣሊያዊት መነኩሲት በጥይት ተገደለች። ብዙዎች ግድያውን ከቁጣው ጋር አያያዙት። እሷ ምን አጠፋች? ሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 8 ለሰዎች ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ያስጠነቅቃል።

ተገቢውን መልስ የሰጡት በወሩ ግልጽ ደብዳቤ የጻፉት 38 ዑለማኦች ናቸው። ጳጳሱ፣ በሃይማኖት ማስገደድን የሚከለክለው አንቀጽ ሙስሊሞች ደካማ ሳሉ የወረደ ነው ብለው ነበር፤ ዑለማኦቹ ግን በመዲና፣ ሙስሊሞች ከጠነከሩ በኋላ መውረዱን አስረዱ። በዓመቱም 138 ሆነው ክርስቲያኖችን ለውይይት ጠሩ።

ወንድሞችና እህቶች! የካቶሊኮች የእምድብር ሀገረ ስብከት እዚሁ ጉራጌ ውስጥ ነው። በወልቂጤም በቡታጅራም አንዱ ቤተ ዘመድ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለው። ጀርመን ላይ ለተነገረ ቃል የቡና ጎረቤታችንን ተጠያቂ አናድርግ። ይልቅ ልጆቻችን ሲጠየቁ የሚመልሱት እንዲኖራቸው የነቢዩን ሲራ እናስተምራቸው። ንዴት በማግስቱ ይበርዳል፤ ዕውቀት ግን ይቀራል።

አላህ ዕውቀትን ከሶብር ጋር ይወፍቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም።